የቤተሰባችሁን ታሪክ ጅማ ላይ ከመዝገብና ከመፅሐፍ እንዴት ትፈልጋላችሁ

የኛ ዘር የተፃፈበት መፅሐፍ የት አገኛለሁ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ወላጆቹ ከጅማ ወጥተው አዲስ አበባ ወይ ውጪ ያደገ ሰው። የንጉስ ዘር ካልሆናችሁ እንደዛ አይነት መፅሐፍ አታገኙም። የምታገኙት ሌላ ነገር ነው፣ አያታችሁ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ፣ እድር የገቡበት መዝገብ፣ ወንድማቸው ሲሞት ለውርስ ፍርድ ቤት የቆሙበት ፋይል፣ አባታችሁ የተማሩበት ሮስተር፣ ይሄ ሁሉ በየቦታው ተበታትኖ አለ፣ ደሞ በየወረቀቱ ላይ ስማቸው ሌላ ነው። እኔ የአባቴን ወገን ጅማ አጠገብ ባለችው በሰቃ በኩል የእናቴን ደሞ እዚሁ ከተማው ውስጥ በሂርማታ በኩል ስከታተል አራት አመት ገደማ ፈጅቶብኛል፣ ከዛ ውስጥ ብዙው ጊዜ የሄደው ቅደም ተከተሉን ስላላወቅኩ ነው፣ እሱን ነው የምነግራችሁ።

1. መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ጋ ሂዱ

ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ማለቴ ነው። አንድ የድሮ ውል ላይ «ምስክር፣ የሃጂ ወንድም» ተብሎ የተፃፈ ሰው ማን እንደሆነ የሚነግሯችሁ በህይወት ያሉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ሳይጠየቁ ካለፉ ወረቀቱን ብታገኙትም አታነቡትም።

ቡና በሚፈላበት ሰአት ሂዱ፣ ስኳር ምናምን ይዛችሁ፣ ስልካችሁን ሪከርድ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት አስፈቅዱ። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ካላችሁ «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ብለው ይዘጉታል። ትንንሽ ነገር ጠይቁ። ልጅ ሆነው ውሃ የሚቀዱት ከየት ነበር? በስተቀኝ ጎረቤት ማን ነበር? ቤቱ ሲሰራ ለደቦ እነማን መጡ? ሐሙስ ገበያ ሲሄዱ የሚያድሩት ማን ቤት ነው? የማን ለቅሶ ላይ ነው ከሩቅ ዘመድ ሲመጣ ያዩት? ከነዚ ውስጥ የቦታ ስም ይወጣል፣ የቦታ ስም ካገኛችሁ ደሞ የትኛው ወረዳ የትኛው ፍርድ ቤት እንደምትሄዱ አወቃችሁ ማለት ነው።

የኦሮሞ አባቶች የአባት ስም እየቆጠሩ ሰባት ስምንት ትውልድ ይወርዳሉ። ቆጠራውን በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ አስቆጥሩና አወዳድሩት፣ አንዳንዴ መሀል ላይ አንድ ስም ይዘለላል። እና በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆማችሁ «እናቱ ማን ነበረች፣ ከየት መጣች» በሉ፣ ቆጠራው የወንድ ስለሆነ ሴቶቹ ካልተጠየቁ አይነሱም፣ እኔ ከጎማ (አጋሮ ያለችበት አካባቢ) ሰዎች ጋ ዘመድ መሆናችንን ያወቅኩት በዚች ጥያቄ ነው፣ የአባቴ ሴት አያት አጋሮ አጠገብ ነው የተወለዱት እና ማንም ነግሮን አያውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቁ። ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቡናና ከማር ሌላ ሰውም የተሸጠበት ትልቅ ገበያ ነበር። ብዙ የጅማ ቤተሰብ ውስጥ ቅድመ አያቱ በዛ መንገድ የመጣ ሰው አለ፣ ከከፋ ከዳውሮ ከየም ከሌላም። አንዲት እናት «ከሩቅ ነው የመጣነው» ብለው ዝም ካሉ ዝም በሉ። ሁለተኛ ቀን ራሳቸው ሊያነሱት ይችላሉ ላያነሱትም ይችላሉ፣ የሳቸው ነው። እና ካወቃችሁ በኋላ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ወስዳችሁ አትለጥፉት፣ እንዲ አይነት ነገር ጋብቻ ያፈረሰበት ቤት አውቃለሁ።

2. የስም ወረቀት አዘጋጁ

ይሄኛው ላይ ቀስ በሉ፣ ብዙ ሰው ፍለጋው የሚጠፋው እዚ ላይ ነው።

ጅማ ላይ አንድ ሰው ብዙ ስም አለው። የልጅነት ስም፣ የእስልምና ወይ የክርስትና ስም፣ ከዛ ደሞ የፈረስ ስም፣ ሰውየው በፈረሱ የሚጠራበት «አባ» የሚል ስም ማለት ነው። አባ ጅፋር እኮ የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው አባ ጅፋር መጠሪያቸው ሳና ነበር። ከሳቸው ቀጥለው የነገሱት አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ ከዛ እስከ በፈረንጅ 1932 ድረስ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ሁሉም የምናውቃቸው በፈረስ ስማቸው ነው። ቦቃ ማለት ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ከብት መሆኑን በአማርኛም እናውቃለን። ንጉሶቹ ብቻ አይደሉም ተራው ባለርስትም አባ እንትና ይባላል፣ ስለዚ አያታችሁ ሰፈር ውስጥ በፈረስ ስም፣ መስጊድ በእስልምና ስም፣ ግብር ቤት ደሞ በልጅነት ስምና በአባት ስም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሶስት ሰው ይመስሏችኋል አንድ ሰው ናቸው። የክርስቲያኑም እንደዛው ነው፣ የክርስትና መዝገብ ላይ ወልደ ምናምን ወይ ወለተ ምናምን ተብሎ የተፃፈውን ሰው ቤተሰቡ በዛ ስም ጠርቶት አያውቅም።

ሌላው ማዕረግ ነው። አባ ቆሮ የሚል ካያችሁ በአባ ጅፋር ጊዜ የአካባቢ ገዢ ማለት ነው እንጂ ስም አይደለም። ነጋድራስ የንግድና የቀረጥ ሹም ነው። ሃጂ ተብለው አንድ ወረቀት ላይ ካሉና ሌላው ላይ ሃጂ ከሌለ ሁለተኛው ወረቀት ከሐጅ በፊት የተፃፈ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ራሱ ቀን ለመገመት ይረዳል።

አፃፃፉም አለ። የድሮ ፀሐፊ የኦሮምኛ ስም በአማርኛ ፊደል ሲፅፍ እንደሰማው ነው የሚፅፈው፣ ሰቃን ሰካ፣ ማናን መና፣ ጅማን ጂማ፣ ዸ የምትለዋን ድምፅ ደሞ በደ ይፅፋታል። ከ1984 ወዲህ ያለው የቢሮ ወረቀት በአብዛኛው በኦሮምኛ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ነው፣ ስለዚ ስሙን በሁለቱም ፊደል በሁሉም አይነት አፃፃፍ አንድ ገፅ ላይ ዘርዝሩና ቢሮ ስትሄዱ ያንን ገፅ ለመዝገብ ቤት ሰራተኛዋ ስጧት። በቃል ብትነግሯት አንዱን ብቻ ነው የምትፈልገው።

የቦታ ስምም ተቀይሯል። ማህተሙ ላይ «ከፋ ጠቅላይ ግዛት» ወይም «ከፋ ክፍለ ሀገር» የሚል ወረቀት ካገኛችሁ ቦንጋ አትሂዱ፣ ያኔ የከፋ ዋና ከተማ ጅማ ነበረች፣ ወረቀቱ የጅማ ሊሆን ይችላል። በስሩ ያለውን አውራጃ እዩ፣ ጅማ አውራጃ ነው፣ ሊሙ ነው፣ ከፋ ነው፣ ያ ነው የሚለየው። ዳውሮ በድሮ መዝገብ ኩሎ፣ የም ደሞ ጃንጀሮ ተብሎ ነው የምታገኙት፣ ሰዎቹ የማይወዱት ስም ነው አትጥሯቸው፣ ግን ወረቀት ላይ ስትፈልጉ ማወቅ አለባችሁ። ከተማው ውስጥም የድሮ የከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) እና የቀበሌ ቁጥር አሁን ካሉት ቀበሌዎች ጋ አይገጥምም፣ ተቀላቅለዋል ስማቸውም ተቀይሯል፣ ሰፈሩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው «የድሮው እንትን ቀበሌ አሁን ማን ውስጥ ነው» ብላችሁ ጠይቁ።

3. አመተ ምህረቱን አስተካክሉ

«ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ካሉ ጥሩ መረጃ ነው። ጣሊያን ጅማ የገባው በ1929 መጀመሪያ ላይ ነው የወጣው ሰኔ 1933፣ እረኛ ማለት ከሰባት እስከ አስር አመት ብንል ከ1919 እስከ 1922 ባለው ተወለዱ ማለት ነው። ሌሎቹ መቆጠሪያዎች የህዳር በሽታ 1911፣ የታህሳስ ግርግር 1953፣ የመሬት አዋጅ የካቲት 1967፣ የደርግ መውደቅ ግንቦት 1983። ወረቀቶቹ ላይ ሶስት አይነት አቆጣጠር ታገኛላችሁ፣ የኛ፣ የፈረንጅ፣ የሂጅራ። የሂጅራው በጨረቃ ስለሆነ በየአመቱ 11 ቀን ገደማ ያጥራል፣ ዝም ብላችሁ ቁጥር አትቀንሱ በስልክ መቀየሪያ አፕ ቀይሩት፣ ለመነሻ ያህል 1300 ሂጅራ የጀመረው በኛ 1875 ህዳር ላይ ነው። የግእዝ ቁጥርም ልመዱ፣ ፲፱፻፵፪ ማለት 1942 ነው።

4. ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጡ

ሳጥን ውስጥ፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ቁርአን ወይ ዳዊት ውስጥ። የቁርአንና የዳዊት ሽፋን ውስጥ ልጅ የተወለደበትን ቀን መፃፍ የድሮ ልማድ ነው መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ካርታ፣ የሽያጭ ውል፣ የጋብቻ ውል፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር። ውል ላይ ከተዋዋዮቹ ይልቅ ምስክሮቹን እዩ፣ ምስክር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወይ ጎረቤት ነው። የጋብቻ ውል ላይ ደሞ በወንድ በኩልና በሴት በኩል የቆሙት ሽማግሌዎች ለየብቻ ይፃፋሉ፣ ወገኑን ለይቶ ይሰጣችኋል። የፎቶ ጀርባ እዩ፣ የፎቶ ቤት ማህተምና ቀን አለው።

የጅማ ዝናብ ይታወቃል፣ ወረቀት ይሻግታል። ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አታስቀምጡ እርጥበት ይይዛል፣ የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፣ አድርቃችሁ ደረቅ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ፎቶ ስታነሱ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ገፅ ከዛ ፅሁፉን ቀረብ አርጋችሁ፣ ከዛ ጀርባውን። ጀርባውን እንዳትረሱ።

5. እድር

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የሰጠኝ የእድር መዝገብ ነው፣ ማንም ግን አያስበውም። እድር አንድ አባል ሲሞት ብቻ አይደለም የሚከፍለው፣ የአባሉ እናት አባት፣ እህት ወንድም፣ ባለቤት፣ ልጅ፣ አንዳንዱ እድር አማትም ጭምር ሲሞት ይከፍላል ወይ ድንኳን ይተክላል። ስለዚ አባል ሲገባ እነዚን ሁሉ በስም ያስመዘግባል! ከዛ በኋላ የሞተው ይሰረዛል፣ ስረዛው አጠገብ ቀኑና የተከፈለው ብር ይፃፋል። አስቡት፣ አንድ ገፅ ላይ ሶስት ትውልድ ከነ ሞቱበት ቀን። የእናቴ አባት ሌላ እህት እንደነበራቸው እኛ ቤት ማንም አያስታውስም ነበር፣ በእድሩ የ1958 መዝገብ ላይ «እህት፣ ነዋሪነት ሊሙ ገነት» ተብላ አለች፣ ከዛ ሊሙ ሄጄ ልጆቿን አገኘሁ።

አቀራረቡ እንዲ ነው፣ መጀመሪያ የእድሩን ዳኛ አነጋግሩ ቀጥታ ፀሐፊው ጋ አትሂዱ ቅር ይላቸዋል። በወር ስብሰባ ቀን ሂዱ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ከቤተሰባችሁ በአሁኑ ጊዜ አባል የሆነ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ነው የሚሻለው። መዝገቡን ወደ ቤት ልውሰድ አትበሉ እዛው ፊታቸው ላይ ፎቶ አንሱ፣ የሌላ ቤተሰብ ገፅ አታንሱ። የድሮው መዝገብ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ በጊዜው ፀሐፊ የነበሩት ሰው ቤት ይቀራል፣ ስለዚ «ከሳቸው በፊት ፀሐፊ ማን ነበር» ብላችሁ ወደኋላ ሂዱ።

6. ደብርና ሸሪዓ ፍርድ ቤት

የክርስትና መዝገብ ላይ የልጁ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የወላጆች ስም፣ ክርስትና አባት ወይ እናት ይኖራል። የክርስትና አባቱን ፃፉ፣ ብዙ ጊዜ የአባት የቅርብ ሰው ነው። በየደብሩ የመዝገቡ አያያዝ ይለያያል፣ ፀሐፊው ጋ በስራ ቀን ሂዱ በበአል ቀን ጊዜ የላቸውም።

ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤትን አትለፉ። የቃዲዎችና የናኢባ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 62 የተቋቋመው በ1936 ነው፣ ጋብቻ ፍቺ ውርስ እዛ ነው የሚታየው፣ ጅማ ደሞ ህዝቡ በብዛት ሙስሊም ስለሆነ ብዙ ሰው እዛ አልፏል። የሙስሊም መቃብር ብዙ ጊዜ ስም የለውም፣ ስለዚ የሞት ቀን ከመቃብር ሳይሆን ከውርስ ፋይል ነው የምታገኙት።

7. ፍርድ ቤት፣ ቀበሌ፣ መሬት

የውርስ ፋይል ማለት ዳኛ ፊት የተዘጋጀ የዘር ሀረግ ነው። ሟች ማን ነው፣ መቼ ሞተ፣ ስንት ሚስት ነበረው፣ ከማን ማን ተወለደ፣ ማን ቀድሞ ሞተ፣ ምስክሮች ቆመው መስክረዋል። ልጅ ነኝ አይደለህም ክርክር ካለበት ደሞ የበለጠ ዝርዝር ነው፣ ሰው ሲከራከር ሰላም ሳለ የማይናገረውን ሁሉ ይናገራል። የመዝገብ ቁጥሩን ካላወቃችሁ ሟቹ የሞቱበትን አመትና የከሳሹን ስም ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ፣ በማመልከቻ ነው የሚጠየቀው፣ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ነገር ያዙ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ካላችሁ ስራው ይቀላል።

እዚ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ቢሮ ገብቼ የአያቴን የድሮ የመሬት ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ ስል የሰራተኛው ፊት ወዲያው ተቀየረ፣ ሶስት ሳምንት አመላለሱኝ፣ መጨረሻ ላይ ነው መሬት ልጠይቅ የመጣሁ እንደመሰላቸው የገባኝ። በ1967 የገጠር መሬት በአዋጅ 31 ትርፍ ቤት ደሞ በአዋጅ 47 ስለተወረሰ የድሮ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ለክስ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ እዛ መሬት ላይ አሁን የሚኖረው ጎረቤትም ይደነግጣል። ስለዚ ገና ስትገቡ «ለቤተሰብ ታሪክ ነው፣ ስም ብቻ ነው የምፈልገው፣ ኮፒም ባይሰጠኝ ችግር የለም አይቼ ልገልብጥ» በሉ። ማመልከቻው ላይም እንደዛው ፃፉት።

ከ1967 በፊት የግብር ደረሰኝ የሚወጣው በባለርስቱ ስም ነው፣ ቤተሰባችሁ ጭሰኛ ከነበረ በራሱ ስም ደረሰኝ አታገኙም፣ ባለርስቱን አግኝታችሁ ከሱ በኩል ፈልጉ። ከ1967 በኋላ የገበሬ ማህበር መዝገብ አለ፣ በ1983 ግን በብዙ ቦታ ወረቀት ተበትኗል።

ልደት ምስክር ወረቀት ላይ ጊዜ አታጥፉ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጎ ነበር ግን ስራ ላይ ሳይውል ቀረ፣ የወሳኝ ኩነት አዋጅ 760 የወጣው በ2004 ነው ምዝገባው በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008። ከዛ በፊት ማዘጋጃ ቤት የሚሰጠው ሰው ሲጠይቅ ብቻ ነበር። የህዝብ ቆጠራውም (1976፣ 1987፣ 1999) ብዛት ነው የሚነግራችሁ የሰው ስም አይሰጥም።

8. ትምህርት ቤትና መስሪያ ቤት

ሮስተር ላይ እድሜና የአባት ስም አለ። አያታችሁ መንግስት ሰራተኛ፣ አስተማሪ፣ ወታደር ከነበሩ የግል ማህደራቸው ውስጥ ሚስትና ልጆች ተመዝግበዋል፣ ጡረታ የተከበረላቸው ከሆነ የበለጠ።

9. አሁን ወደ መፅሐፍ

እስካሁን ያልኩትን ሳትሰሩ መፅሐፍ ብታነቡ ጥሩ ነው ግን ቤተሰባችሁን አታገኙትም። አሁን ግን የጎሳ ስም፣ የቦታ ስም፣ አመት ይዛችኋል። መፅሐፉን ስታገኙ መጨረሻው ላይ ያለውን የስም ማውጫ ክፈቱና በአያታችሁ ስም ሳይሆን በጎሳና በቦታ ፈልጉ፣ ዲጎ፣ ባዲ፣ ሂርማታ፣ ላሎ፣ ቆሬ እያላችሁ። ሂርማታ እኮ የገበያው ስም ከመሆኑ ሌላ የጎሳም ስም ነው።

ኸርበርት ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግስት የፃፈው በፈረንጅ 1965 የታተመ ነው፣ በዛው በፈረንጅ ከ1830 እስከ 1932 ያለውን ይሸፍናል፣ ያኔ የንጉሱን ዘመን በአይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በህይወት ስለነበሩ ከነሱ ሰምቶ ነው የፃፈው፣ አባ ቆሮ ምን እንደሚሰራ ግብር እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚገባችሁ እዛ ነው። ከዛ በፊት ያለውን የጊቤ መንግስታት፣ ሊሙ እናርያ፣ ጉማ፣ ጎማ፣ ጌራና ጅማን፣ መሐመድ ሐሰን እስከ 1860 በፈረንጅ ያለውን በእንግሊዝኛ ፅፏል። የርስት፣ የግብርና የማዕረግ ቃላት ሲያስቸግሯችሁ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ዝክረ ነገር አለ፣ 1942 የታተመ፣ ደረሰኝ ላይ ያለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ እሱን ከፍታችሁ ነው የምታዩት።

ከመፅሐፍ የሚበልጠው ግን የመመረቂያ ፅሁፍ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የታሪክ ተማሪዎች በየወረዳውና በየከተማው ላይ የሰሩት አለ። መጨረሻው ላይ መረጃ የሰጡ ሽማግሌዎች ዝርዝር አለ፣ ስም፣ እድሜ፣ ቦታ፣ የተጠየቁበት ቀን። መጀመሪያ ያንን ዝርዝር አንብቡ፣ የራሳችሁ ቤተሰብ ሰው ሊኖርበት ይችላል፣ ባይኖርም የሰፈሩ ሰው ነው፣ ምናልባት በህይወት አለ ወይ ልጆቹ አሉ።

ጅማ ሙዚየምም ሂዱ፣ የአባ ጅፋር እቃዎች አሉ፣ ጅሬን ያለውን ቤተ መንግስትም እዩ፣ የቤተሰብ ስም ባታገኙበትም ሽማግሌ ይዛችሁ ብትሄዱ እቃ ሲያዩ ብዙ ነገር ትዝ ይላቸዋል።

አዲስ አበባ ለመጨረሻ ይቆይ። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ጀምሮ አለ፣ የመመረቂያ ፅሁፎቹንና የተጓዦችን መፅሐፍ እዛ እዩ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መፃሕፍቱ) ደሞ ከ1936 ጀምሮ፣ እዛ አዲስ ዘመንን ከ1933 ነጋሪት ጋዜጣን ከ1934 ጀምሮ ማገላበጥ ነው፣ ሹመትና የፍርድ ቤት ጥሪ ማስታወቂያ ላይ የጅማ ሰው ስም ይወጣል። አመቱን ሳታውቁ ግን አትግቡበት ወራት ይፈጃል።

10. ፃፉት

ኤክሴል ላይ ወይ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፣ ሁሉም ስሞቹ፣ የት፣ መቼ፣ ማን ነገረኝ ወይ የትኛው መዝገብ ስንተኛው ገፅ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገራችሁ ሁለቱንም ፃፉ፣ አንዱን አትምረጡ። ፎቶዎቹን ጉግል ድራይቭ ላይ አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ አንድ ኮፒ።

ከዛ በትልቅ ወረቀት አትማችሁ፣ ጠርዙን ሰፋ አርጋችሁ ባዶ ተዉትና እስክሪብቶ ይዛችሁ የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ጋ ተመለሱ፣ ስም በስም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እኔ ሳነብ አንድ የሰቃ አባት ስድስተኛው ስም ላይ እጄን ያዙኝና «እሱ ልጁ አይደለም፣ የወንድሙ ልጅ ነው፣ አባቱ ሲሞት እሱ ጋ ነው ያደገው» አሉኝ፣ ጠርዙ ላይ ፃፍኩት፣ አሁን የዛን ወንድም ልጆች እየፈለግኩ ነው።